የ69 ሞዴል ቮልስ፦ ዲስትሪቢዩተሩ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ቮልስ እጄ ላይ ቆማብኛለች። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1969 ሞዴል ናት። 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት። ካርቡራተሯም ከፋብሪካ የመጣው ሶሌክስ 30 ፒክት 2 ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቷታል። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ።

ችግሯ ይህ ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ቆማ ስትሠራ ምንም አይልባትም። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ስረግጥ ግን ትንገጫገጫለች፣ ትተኩሳለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። ሞቃት ሆነች ቀዝቃዛ ለውጥ የለውም። ባለፈው ሳምንት ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፋች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ሁሉ ጡሩንባውን ያዘ። ሦስት ልጆች ወርደው ገፍተው ዳር አስያዙልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ። ኮይል ተቀየረ። ያው ናት። በመጨረሻ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ሞቷልና ሙሉውን ቀይር ተባልኩ። የቀረበልኝ 009 በሚባለው የቦሽ ዲስትሪቢዩተር አምሳል የተሠራ አዲስ ቅጂ ነው። አሮጌው፣ በቫኩም የሚሠራው የቦሽ ዲስትሪቢዩተር ግን እዚያው ጋራዡ ይቀራል አሉኝ። እዚህ ላይ ልቤ ቆመ። የሞተ እቃ ከሆነ ለምን ይፈለጋል? መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

እና እጠይቃችኋለሁ። እንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር ይጠገናል? ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

ክሩ እየረዘመ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ከብዶታል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከታች አሰባስቤያቸዋለሁ። የማንም ቃል ቢጎድል ይቅርታ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ከአዳማ ነው። አክብሮ ሰላምታ ሰጥቶ የጋራዡን ሐሳብ ደገፈ። እሱ ራሱ 009 ካስገባ አራት ዓመት ሆኖታል። በሞተሩ መሳብ የሚሠራ የቫኩም ጣሳ የለው፣ ቱቦ የለው፣ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው ባይ ነው። ምክሩ አጭር ነበር፦ ቀይረው፣ አሮጌውን ግን ለማንም አትስጥ፣ ቤትህ አስቀምጠው።

መልስ 2

ሁለተኛው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ከሃያ ዓመት በላይ የነዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ኮንዴንሰሩን ጠረጠሩ። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ተሳፋሪ ይዘው ላዳዋ በየሩብ ሰዓቱ እየጠፋች እንዳሰቃየቻቸው ተረኩ። ስትግል ትጠፋለች፤ ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ ሲያቆይዋት ትነሳለች። ጥፋቱ ጣት የማታክል ኮንዴንሰር ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ኮንታክት ፖይንት፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ጅረቱን የሚከፍት የሚዘጋውን መገናኛ፣ በቀየሩ ቁጥር ኮንዴንሰሩንም አብረው ይቀይራሉ። ጨረስኩ ካሉ በኋላ አንድ ነገር አከሉ፦ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 መሆኑን እይ አሉኝ።

መልስ 3 እና 4

የክሩ መንፈስ እዚህ ጋ ተቀየረ። አንድ ወጣት ገብቶ የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 መሆኑን ጻፈ። ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያዳርሰው ሮተርም ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚዞረው። ልክ ነው። 1፣ 3፣ 4፣ 2 የላዳ ተራ ነው። ያንን ቮልስ ላይ ያደረገ ሰው እሳቱን በካርቡራተሩ በኩል ሲተፋ ያያል። ግን ልጁ በዚህ አላቆመም። ሰውየውን በላዳቸው እንዲወሰኑ ነገራቸው።

የታክሲው ሰው ወዲያው መለሱ። ቁጥሩን መሳሳታቸውን ተቀበሉ፤ አነጋገሩን ግን አልተቀበሉም። በዚያች ላዳ አራት ልጅ አሳድገው ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ ስለ ቁጥሩ ልጁን አመሰግናለሁ። ለአባት እንዲህ መናገሩ ግን አሳዝኖኛል። በዚህ መድረክ ላይ የምናውቀውን የምናካፍለው ለመረዳዳት ነው።

የኮንዴንሰሩ ነገር ለብዙ ሰው ይጠቅማልና አትዝለሉት። የእኔዋ ግን በብርዱም ትንገጫገጭ ስለነበር ምልክቱ አልገጠመልኝም።

መልስ 5

ከባሕር ዳር አንድ የፊዚክስ መምህር ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ፖይንቱ ሲገጥም በኮይሉ ውስጥ ጅረት ይሄዳል፤ መግነጢስ ይፈጠራል። ፖይንቱ ሲከፈት ያ መግነጢስ በቅጽበት ይፈርሳል። 12 ቮልቱ ብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ ወደ ሮተሩ የሚሄደው ያኔ ነው። ሮተሩ ደግሞ ተራ ለደረሰው ካንዴላ ያድላል። ኮንዴንሰሩ ፖይንቱ በሚከፈትባት ቅጽበት ብልጭታው እዚያው ጫፉ ላይ እንዳይቃጠል ይውጠዋል። ስለዚህ ከምንም በፊት የፖይንቱን ፊት እይ፣ ክፍተቱንም ለካ አሉኝ። ለቮልስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ለካሁ። 0.6 ሆኖ አገኘሁት። ጋራዥ ገብታ የወጣች መኪና ናት እንግዲህ። ወደ 0.4 መለስኩት። አነሳሷ ይበልጥ ቀለለ። ነዳጅ ስረግጥ ግን መንገጫገጯ አልቀረም።

መልስ 6 እና 7

አንዱ መለኪያ ከሌለህ የስልክ ሲም ካርድ በፖይንቱ መሃል አስገብተህ ማስተካከል ትችላለህ አለ። ሌላው ቀጥሎ አረመው። ሲም ካርድ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከሚፈለገው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መለኪያው የምላጭ ጥራዝ የመሰለ ርካሽ እቃ ነው፤ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ይገዛ። እርማቱ በትሕትና ነበር የቀረበው። የመጀመሪያውም አመስግኖ ሄደ።

መልስ 8

ከቨርጂኒያ አንድ ወንድማችን ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። እሱም ጋራዡ ውስጥ ቮልስ አለችው። መልስ 1ን ጠቅሶ በአክብሮት ተቃወመው። 009 ታይሚንጉን፣ ማለትም ብልጭታው የሚፈነጥቅበትን ጊዜ፣ የሚያስቀድመው በፍጥነት ብቻ ነው። ውስጡ ያሉት ክብደቶች ሞተሩ ሲፈጥን ይከፈታሉ፤ ብልጭታውም ይቀድማል። ነዳጅ በድንገት ስትረግጥ ግን ሞተሩ ገና አልፈጠነም። ስለዚህ ከቆመችበት ስትነሳ አንድ አፍታ ታመነታለች። በቫኩም የሚሠራው ደግሞ የካርቡራተሩን መሳብ ተከትሎ እግርህን እንደነካህ ያስቀድማል። የኔን ካርቡራተር የሠሩ ሰዎች ያሰቡት ለዚህኛው ነው። በቀስታ ስትነዳም ቤንዚን ይቆጥባል።

አንድ የማላውቀውንም ነገረኝ። ከነዚህ የቫኩም ዲስትሪቢዩተሮች አንዳንዶቹ ለ3ኛው ሲሊንደር ብቻ ብልጭታውን በጥቂት ዲግሪ ያዘገያሉ። በድሮዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ ተተክሎ ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ ያ ሲሊንደር ይበልጥ ይግላል። የማዘግየቱ ምክንያት ያ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ወጣ። እንዲህ የታሰበበትን እቃ አንስቶ መጣል እንዴት ያሳዝናል!

መጨረሻ ላይ የግድ ከሆነ በቫኩም የሚሠራ አዲስ ገዝቶ ለበዓል ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ እንደሚመጣ ቃል ገባ። በስም እንኳ ለማያውቀኝ ሰው ነው ይህን ያለው።

መልስ 9 እና 10

የአዳማው ተመለሰ። ትንሽ ከሮታል። አሜሪካ ሆኖ ስለ አዲስ አበባ መንገድ ማስተማር ይቅር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ እዚህ 009ን ከተጻፈው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀደም ማድረግ ማመንታቱን ይቀንሰዋል ባይ ነው።

የከፍታው ነገር እውነት ነው። ግን መልስ 10 ላይ አንድ ሰው የደረሰበትን ጻፈ። እሱም አዲስ አበባ ላይ አስቀድሞ አስተካክሎ ወደ አዋሽ ወረደ። አዋሽ ከ1,000 ሜትር አይበልጥም። አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ሌላ። ከመተሐራ ጀምሮ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር። ራዲዮ ከፍቶ ዝም አለው። ተመልሶ ሲያስከፍተው አንዱ ፒስተን አናቱ ቀልጦ ተገኘ። አስቀድመህ ያስተካከልክ ሰው ቆላ ስትወርድ መልሰው። የአዳማውም ይህን ሲያነብ ነጥቡን ተቀብሏል።

መልስ 11 እስከ 14

እዚህ ላይ ከመንገድ ወጣን። መልስ 11 ይህን አሮጌ ብረት ሸጠህ የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ አለኝ። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ በየመድረኩ የማይቀር ክርክር ነው። አንዱ ስለ መብራት መጥፋት አነሳ፤ ሌላው ስለ ባትሪ ዋጋ። መልስ 13 ላይ አንድ ሰው ቮልስን ያላወቀ ሰው መኪና አላወቀም ብሎ ተነሳ። ከ21 ሚሊዮን በላይ መመረቷን፣ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ በሐምሌ 2003 እንደ ፈረንጅ መውጣቷን ጻፈ። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ይህን ማወቅ ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስድድብ መጣ። የመድረኩ አስተዳዳሪ በመልስ 14 ወደ ዲስትሪቢዩተሩ እንድንመለስ አሳሰበ። ትክክል ነበር።

ለመልስ 11 አንድ ነገር ብቻ ልበል። አይሸጥም። መሪዋ ላይ የአባቴ እጅ ያሻሸው ቦታ ልሙጥ ሆኖ እስካሁን አለ።

መልስ 15

አንዲት እህት ከደብረ ብርሃን ጻፈች። ሐምሌ ላይ እርጥበት ሲገባ የእሷ ቮልስ ትንገጫገጭ ነበር። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረ። ጥቁር መስመር ሠርቶ ብልጭታው በዚያ ያመልጣል። ማታ መብራት አጥፍተሽ ሞተሩን አስነሥተሽ እዪው ተብላ ስታይ ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲርመሰመስ አየች። ክዳን ብቻ ቀየረች፤ ዳነች።

እኔም በዚያው ማታ አደረግሁት። ጨለማ ሆኖ ቀረ። ክዳኑ ጤነኛ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው የካርቦን ጥርስም በስፕሪንጓ እየተነሳች ነው። አንድ ጥርጣሬ ተሰረዘ።

መልስ 16

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የጻፉት ሐዋሳ የሚኖሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሥራ ካቆሙ ሰንብተዋል። የመክፈቻ ጽሑፌን በደንብ ያነበቡት እሳቸው ብቻ ይመስለኛል። ቆማ ስትሠራ ደህና ናት፣ ነዳጅ ሲረገጥ ትጠፋለች ያልኩትን ያዙ። ነዳጅ ሲረገጥ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ምን ይንቀሳቀሳል? ብለው ጠየቁ። ራሳቸው መለሱት፦ ፖይንቱ የተቀመጠበት ሳህን። ቫኩሙ ይስበዋል፣ ይዞራል። ያንን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኝ አጭር የግራውንድ ሽቦ አለች። በዓመታት ውስጥ ስትታጠፍ ስትዘረጋ ውስጧ ይበጠሳል። ሳህኑ ሲያርፍ ትነካካለች፣ ሲዞር ትለያያለች፤ ብልጭታውም ይቋረጣል።

መፈተኛውን ሰጡኝ። የቫኩሙን ቱቦ ከካርቡራተሩ ንቀል። የካርቡራተሩን አፍ ድፈን። ንዳት። ጉልበት ያንሳታል፣ እሱን ተወው። መንገጫገጩ ከጠፋ ግን በሽታህ ሽቦዋ ናት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድ ብር አያስወጣም።

መልስ 17

ይህ የእኔ ነው። ቱቦውን ነቀልኩ፤ አፉን በጎማ ክዳን ደፈንኩ። የሽሮ ሜዳን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩ። ደክማ ደክማ ወጣች። አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም! ጫፍ ላይ ዳር ይዤ ቆሜ ለአዛውንቱ ጻፍኩላቸው።

ከዚያ ፈታሁት። የክዳኑን ሁለት መንጠቆ በካቻቢቴ ገፋሁ። ሮተሩን አነሳሁ። የቫኩሙን ቱቦ በአፌ ስስበው ሳህኑ ዞረ። ጫፉን በምላሴ ስደፍነው እዚያው ቆየ። ስለዚህ ጣሳው ውስጥ ያለው ስስ ቆዳ አልተቀደደም። ሽቦዋ የጣት አንጓ ታክላለች። ከላይ ስትታይ ሙሉ ናት። ቡናማ የጨርቅ ሽፋኗ አልተነካም። በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት ግን መሃሏ ላይ እንደ ክር ታጠፈች። ሽፋኑን በምላጭ ከፈትኩት። ከመዳቡ ክሮች ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። የቀረው ሁሉ ተበጥሶ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

ኮይል የተቀየረው፣ ካንዴላ የተቀየረው፣ ሙሉው ዲስትሪቢዩተር ይጣል የተባለው በዚህች ሽቦ ነው።

መልስ 18 እስከ 20

ሽቦዋን በምን እንተካት? መልስ 18 ከተበላሸ የራዲዮ ስፒከር ላይ ያለችውን ተጣጣፊ ሽቦ አምጣ አለ። ለስላሳ ናት፣ ብትታጠፍ አትደክምም።

መልስ 19 በቁጣ ገባ። ያው መልስ 3 ላይ ያየነው ወጣት ነው። የኮይሉን ኦም ለክታችኋል ወይ? ሲል ጠየቀ። 3 ኦም ገደማ ነው። በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ይስባል። የትንሽ ስፒከር ሽቦ ይህን ተሸክማ አትቆይም፤ ትግላለች፣ ትቃጠላለች። ቁጣው አሁንም አልወደድኩለትም። ስሌቱ ግን የተጣራ ነው። ዕውቀት አለው ልጁ።

ያስታረቁን የላዳው ሰው ናቸው፤ መልስ 20። ከአሮጌ መሰርሰሪያ ወይም ከሞተሪኖ ካርቦን ጀርባ የሚወጣውን የተገመደ መዳብ ቁረጥ አሉኝ። ያ ሽቦ ሲሠራም እየተንቀሳቀሰ ብዙ አምፔር እንዲሸከም ነው። ወጣቱ ይህን ሲያነብ ወዲያው ተስማማ። በዚያውም ለመልስ 3 ይቅርታ ጠየቀ። አንቱ ብሎ ነው የጻፈላቸው። ደስ አለኝ።

መልስ 21

ይህም የእኔ ነው። ሰፈራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አለ። ከተቃጠለ መሰርሰሪያ ካርቦን ላይ ሽቦውን ቆረጠልኝ። ጫፍና ጫፉ ላይ የብሎን ቀለበት በየደው። ብየዳው ወደ መሃሉ እንዳይሰርግ በፒንሳ ቆንጥጦ ያዘው። ቆርቆሮው ገብቶ ካደረቀው ሽቦው እዚያው ጋ ይበጠሳል አለኝ። ርዝመቱን ሳህኑ እስከ መጨረሻ ሲዞር የማይወጠር፣ ሲመለስም ሮተሩን የማይነካ አድርገነዋል። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ቡና ጋብዞኝ ሸኘኝ።

ሳህኑን በጣቴ እያዞርኩ በመለኪያ አየሁት። ከሳህኑ እስከ ዲስትሪቢዩተሩ አካል ያለው ንባብ ዜሮ ላይ ቀጥ አለ። አልተርገበገበም።

መልስ 22

ከመቀሌ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አንድ ጥሩ ማሳሰቢያ ሰጠ። ዲስትሪቢዩተሩ ሞተሩ ላይ ከመግባቱ በፊት መሃል ዘንጉን ግራና ቀኝ ወዝውዘው አለኝ። ከተንገዳገደ ቡሽንጉ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ፖይንቱን ዛሬ 0.4 ብታደርገው ዘንጉ በተወላገደ ቁጥር ክፍተቱ ይለዋወጣል። በማንም መለኪያ አይስተካከልም። እንዲያ ከሆነ ከነሐስ አዲስ ቡሽንግ ቶርኖ ቤት ይወጣለታል፤ እሱም ብዙ አውጥቷል። የእኔው ወዘወዝኩት፣ ጠንካራ ነው። ሮተሩ ሥር ያለችው ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ፖይንቱን የሚገፋው ጥርስ ላይ ደግሞ በጣት ጫፍ ግሪስ አድርግ አለ። ከዚያ አይብዛ። ግሪስ ፖይንቱ ፊት ላይ ከደረሰ ሌላ በሽታ ነው።

መልስ 23

አንድ መካኒክ አዝኖ ጻፈ። በዚህ ክር ላይ ጋራዥ ሁሉ ሌባ ተደርጎ ተቆጥሯል አለ። ባለመኪናው ቶሎ ስጠኝ ይላል፤ ለምርመራ ሰዓት አይከፍልም። መካኒኩ ግማሽ ቀን ሽቦ ሲፈልግ ቢውል ማን ያስበዋል? ስለዚህ ሙሉ እቃ መቀየር ይቀለዋል። ይህን ካለ በኋላ ግን እሱም ሳይሸሽግ አንድ ነገር ተናገረ። ጤነኛ አሮጌ ቦሽ በየቦታው ይፈለጋል፤ ዋጋም አለው።

የመጀመሪያው ሐሳቡ እውነት አለው። እኔም ለምርመራ ብቻ ከፍዬ አላውቅም። ወደፊት እከፍላለሁ። ለደንበኛ ሞቷል ተብሎ የተነገረን እቃ አስቀርቶ ለሌላ መሸጥ ግን በምንም አይታለፍም። የተፈታ እቃ የባለቤቱ ነው። ያረጀም ቢሆን በእጁ ይሰጠው።

መልስ 24

መምህሩ ተመለሱ። መልሶ መግጠሙንና ታይሚንጉን በሥርዓት አስቀመጡልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ሠራ።

ስፈታው የቂጡን 13 ቁጥር ብሎን ብቻ ነው የፈታሁት። አንገቱን የሚያንቀው ቀለበት አልተነካም። ከመንቀሌ በፊት ሞተሩን አዙሬ ሮተሩን ጠርዙ ላይ ወዳለችው የ1ኛ ሲሊንደር ጭረት አምጥቼ ነበር። ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ስፕሪንግ ቆማ ትታያለች። እሷን እንዳትጥል ብለው አበክረው ነበር። የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ከመሃል ወደ ጎን ወጣ ያለ ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ተገልብጦ መግጠም የለም።

ፖይንቱ ስለተነካ ታይሚንጉም ይታያል። ለዚህ ሞተር 7.5 ዲግሪ ቀደም ነው። ፑሊው ላይ ያለችውን ጭረት የሁለቱ የሞተር ግማሾች መጋጠሚያ መስመር ላይ አቆምኩ። የ12 ቮልት አምፖል ከኮይሉ 1 ቁጥር ወደ ግራውንድ አሰርኩ። ቁልፉን ከፈትኩ፤ ሞተሩ አልተነሳም። ያንን የአንገት ቀለበት አላልቼ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቀኝ ሳዞር አምፖሉ ጠፋ። ቀስ ብዬ ወደ ግራ ስመልሰው በራ። የበራበት ቦታ ላይ አጠበቅሁት። በቃ፣ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

መልስ 25

አንዱ ፖይንቱን አውጥተህ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል አስገባ አለ። ክፍተት መለካት ይቀራል፣ የሚያልቅ ነገር የለውም። እሱ ረክቶበታል። ሌላው ሳይሆን ራሱ ጉዳቱንም አልደበቀም፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተህ ረስተህ ከሄድክ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል፤ መንገድ ላይ ከሞተ አይጠገንም። ስለዚህ አሮጌው ፖይንትና ኮንዴንሰር ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ ለጊዜው በፖይንቱ እቆያለሁ። መንገድ ላይ በካቻቢቴ የማስተካክለውን ነገር ነው የማምነው።

መልስ 26

የደብረ ብርሃኗ እህት ደግማ ገባች። ርዕሱ አይደለም ብላ ይቅርታ ጠይቃ ነው የጻፈችው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት መነበብ ያለበት ይመስለኛል። የቮልስ ነዳጅ ፓምፕና ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ለጎን ናቸው። ካርቡራተሩ ከላይ ነው። የነዳጅ ጎማው አርጅቶ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ብልጭታ ያለበት አካባቢ ነው። የጎረቤቷ ቮልስ እንዲህ ተቃጥላለች። ሄጄ አየሁ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ጎማ ጫፉ ላይ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። በዚያኑ ቀን ቀየርኩት፤ ማሰሪያም ጨመርኩ። እህቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።

መልስ 27

ለቨርጂኒያው ወንድማችን አዲሱን እንዳይገዛ ጻፍኩለት። በምትኩ አንድ ኮንዴንሰርና አንድ የፖይንት ስብስብ ብቻ ይዞልኝ ይመጣል።

መልስ 28

የሐዋሳው አዛውንት ሞተሩን ማስማት እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልኬን ከኋላ ኮፈኑ ሥር አድርጌ አንድ ደቂቃ ቀድቼ ላክሁላቸው። ቆማ ስትሠራ፣ ነዳጅ ስረግጥ፣ መልሳ ስትረጋጋ። ማታ መለሱ። ማቀጣጠሉ ንጹሕ ነው አሉ። ግን ከግራ በኩል አንድ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ክፍተቱ ሳይሰፋ አልቀረም። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ይከፈትና ይለካ፣ ከዚያ ጻፍልኝ ብለዋል። ቅዳሜ ማለዳ ሳላስነሳት የግራውን ክዳን እከፍታለሁ።